ልብ አንጠልጣይ የሽብርና የሴራ ልቦለድ ሲገዛ፦ ወጥ አማርኛ፣ ትርጉም፣ ያገለገለ እንግሊዝኛ ወይስ ትረካ?

ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ እየኖረ መሀል ከተማ የሚሠራ ሰው ጠዋትና ማታ ብዙ ሰዓት መንገድ ላይ ያልፍበታል። ሰልፉ አለ፣ አውቶቡሱ አለ፣ ከተሳፈሩ በኋላም የመንገዱ መዘጋጋት አለ። ከጀሞ፣ ከየካ አባዶ፣ ከለገጣፎ የሚመላለሰውም እንዲሁ ነው። ለዚህ ሰዓት ጥሩ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ትልቅ ጓደኛ ነው። የሽብር ጥቃት፣ ከጀርባው ያለ ዓለም አቀፍ ሴራ፣ ከጊዜ ጋር የሚሯሯጠው መርማሪ፤ ከመገናኛ እስከ ሰፈር እንዴት እንደደረሳችሁ አይታወቃችሁም።

ችግሩ መግዛት ላይ ነው። የሽፋኑ ሥዕል ሁሉ ይመሳሰላል። ሽጉጥ፣ እሳት፣ ጥቁር መነጽር። ጀርባው ላይም ሁሉም «ከእጅ አይወርድም» ይላል። ዋጋው ግን በጣም ይለያያል። አንዱን ገዝቶ 40 ገጽ ላይ የተወ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ገንዘቡን ለማውጣት ይፈራል።

እዚህ የመጽሐፍ ርዕስ አልጠቅስም። አዟሪው ክንድ ላይ የሚገኘው መጽሐፍ በየሳምንቱ ይለዋወጣል፤ መመዘኛውን የያዘ ሰው ግን የትኛውንም መጽሐፍ ቆሞ ማየት ይችላል።

መጀመሪያ መመዘኛዎቹ

ምርመራው ያሳምናል ወይ? ለእኔ ዋናው ይህ ነው። ተኩስ ማንም ይጽፋል። ከባዱ አንዱን ፍንጭ ከሌላው ማያያዝ ነው።

እውነተኛ ምርመራ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የሎከርቢን ጉዳይ ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1988 የፓን አም በረራ 103 ስኮትላንድ ሎከርቢ ከተማ ላይ ፈንድቶ 270 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎች ሜዳ ለሜዳ ስብርባሪ ለቀሙ። ከለቀሙት ውስጥ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ቁራጭ ነበረች። ቦምቡ ከነበረበት ሻንጣ የተረፉ የልብስ ቅዳጆችም ተገኙ። ልብሶቹ መርማሪዎቹን ማልታ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ሱቅ አደረሷቸው። ችሎቱ በስኮትላንድ ሕግ፣ ግን ኔዘርላንድስ ውስጥ ተሰየመ። ፍርዱ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ከአንድ ቅዳጅ ጨርቅ ተነስቶ እስከ ፍርድ ቤት ከ12 ዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው።

የቅርብም አለን። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብፁ ፕሬዝዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ አዲስ አበባ ገብተው ከቦሌ ሲወጡ ታጣቂዎች መንገድ ላይ ተኮሱባቸው። የተሳፈሩበት መኪና ጥይት የማይበሳው ነበር። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ተመልሰው አገራቸው ገቡ። ተኩሱ የደቂቃዎች ነገር ነው። ጉዳዩ ግን ድንበር ተሻግሮ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱ በጥር 1988 ዓ.ም. በውሳኔ ቁጥር 1044 ሱዳን ሦስት ተጠርጣሪዎችን ለኢትዮጵያ አሳልፋ እንድትሰጥ ጠየቀ። ሳትሰጥ ስትቀር በሚያዝያ በውሳኔ ቁጥር 1054 ማዕቀብ ጣለ። ጥሩ የሴራ ልቦለድ ሁለቱንም ይይዛል፤ የቦሌን መንገድ ተኩስም፣ ኒው ዮርክ ላይ የሚነሳውን እጅም። ተኩሱን ብቻ የሚጽፍ ደራሲ ግማሹን ታሪክ ትቶታል።

እንግዲህ መጽሐፉን ስትገልጡ ማን ማንን እንደሚያስር እዩ። ኢንተርፖል ዋና መሥሪያ ቤቱ ፈረንሳይ ሊዮን ከተማ ነው። በየአገሩ ዞሮ ሰው የሚያስር የራሱ ፖሊስ የለውም። ቀይ ማስታወቂያው ለአባል አገሮች የሚቀርብ ጥያቄ ነው፤ ሰውየውን የሚይዘው የአገሩ ፖሊስ ነው። ሲአይኤም የፖሊስ ሥልጣን የለውም፤ በአሜሪካ ሕግ የሚያስረው ኤፍቢአይ ነው። የሶቪየት ኅብረቱ የስለላ ድርጅት ኬጂቢ እ.ኤ.አ. በ1991 ፈርሷል። እ.ኤ.አ. በ2010 የሚፈጸም ታሪክ ውስጥ «የኬጂቢ ኮሎኔል» ከነማዕረጉ ሥራ ላይ ካገኛችሁት ደራሲው አልተዘጋጀበትም። በአገራችንም የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል። ዛሬ አዲስ አበባ የሚከሰስ ገጸ ባሕርይ በቀድሞው አዋጅ ከተከሰሰ ያው ነው። እንዲህ ያለ ስህተት አንዱ ይታለፋል። ሦስት አራት ከሆነ ግን ሴራው ራሱ አያሳምንም።

ጠላት ተደርጎ የተሳለው ማነው? ይህንን በቸልታ አትለፉት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በር ለበር ነው የሚኖረው፤ የተለያየ ብሔር አንድ ደረጃ ይወጣል። አንድን ሃይማኖት ወይም ብሔር ከነሕዝቡ ወንጀለኛ አድርጎ የሚስል መጽሐፍ ከሆነ ለአዟሪው መልሱለት። ከሥነ ጽሑፉ አንጻርም ያበላሸዋል። ወንጀለኛው በስሙ ብቻ 10ኛው ገጽ ላይ ከታወቀ የቀረው 300 ገጽ ምን ይሠራል? የሞቱትንም እዩ። ነሐሴ 1 ቀን 1990 ዓ.ም. ናይሮቢና ዳሬሰላም ላይ በአሜሪካ ኤምባሲዎች በደረሰው ጥቃት 224 ሰዎች ሞተዋል። አብዛኞቹ ለሥራ ወይም ለጉዳይ የወጡ ኬንያውያን ነበሩ። ደራሲው ለሟቾች ስምና ቤት ከሰጣቸው መርማሪው ለምን እንቅልፍ እንደሚያጣ ይገባናል። ቁጥር ብቻ ካደረጋቸው አይገባንም።

አቋርጦ መቀጠል ይቻላል ወይ? አውቶቡስ ላይ የሚያነብ ሰው ወራጅ ነው። ምዕራፉ አጭር መሆን አለበት። የገጸ ባሕርያቱም ብዛት ወሳኝ ነው። አምስት የስለላ ድርጅትና ሃያ የውጭ ስም በመጀመሪያው 30 ገጽ ካለ ማክሰኞ ያቆማችሁትን ሐሙስ ማያያዝ ይቸግራል።

ሰዓቱና ቀኑ ይገጥማል ወይ? ልብ አንጠልጣይ ታሪክ በሰዓት ቆጠራ ነው የሚሄደው። ይህ ትርጉም ላይ ይብሳል፤ እዚያ ስደርስ እመለስበታለሁ።

ዋጋና ጥረዛ። ወረቀት ከውጭ ነው የሚመጣው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ የኅትመት ወጪ እንደማንኛውም ዕቃ ጨምሯል። ስለዚህ ጀርባው ላይ የታተመው ዋጋና የሚጠየቀው ዋጋ ላይገጥም ይችላል። ክርክሩን ከጥረዛው ጋር አያይዙት። መጽሐፉን መሀሉ ላይ ገልጣችሁ ስትለቁት ቅጠሉ ከተነሳ ሙጫው አይከርምም።

ወጥ የአማርኛ ልቦለድ

ትልቁ ጥቅሙ ቦታውን ማወቃችን ነው። የአፍሪካ ኅብረት አዲስ አበባ ነው፣ ኤምባሲዎች እዚሁ ናቸው፣ ለዓለም አቀፍ ሴራ ከዚህ የተሻለ መድረክ ከየት ይመጣል? ደራሲው ተጠርጣሪውን ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ወደ ገላን ሲያስሮጠው መንገዱ ዓይናችን ላይ አለ። ንግግሩም የእኛ ነው። መርማሪው አለቃውን «እርስዎ» ሲል፣ ሻይ ቤት ያገኛትን ምስክር «እህቴ» ሲል ነፍስ አለው።

ይህ ዕውቀት መፈተኛም ነው። ጀግናው ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ከመገናኛ ሜክሲኮ በ5 ደቂቃ ከደረሰ፣ ደራሲው ሌላውንም ነገር እንዲሁ ነው የጻፈው። ሰፈሩን በትክክል የጻፈ ሰው ግን ዤኔቭንም አጣርቶ የመጻፍ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ድክመቱ አርትዖት ነው። ብዙ ደራሲዎች ራሳቸው ጽፈው፣ ራሳቸው ገንዘብ ፈልገው፣ ራሳቸው ያሳትማሉ። በመሀል «ይህ ምዕራፍ ረዝሟል» የሚላቸው ባለሙያ የለም። ስለዚህ ምርመራው በተፋፋመበት ቦታ ስለ አገር ፍቅር ሦስት ገጽ ስብከት ልታገኙ ትችላላችሁ። የሴራው ቋጠሮም አንዳንዴ በአጋጣሚ ይፈታል፤ መርማሪው ካፌ ተቀምጦ የጎን ጠረጴዛ ወሬ ይሰማል፣ አለቀ። መሀል ገጽ ላይ አንድ ግኝት ፈልጉና መርማሪው በምን እንደደረሰበት አንብቡ። በሥራው ከሆነ ግዙት።

አዲስ ወጥ ልቦለድ ከአራቱ አማራጮች አብዛኛውን ጊዜ ውዱ ነው። እኔ ግን ለጥሩው ሳልሳሳ እከፍላለሁ። ዘውጉ በአማርኛ የሚያድገው ስንገዛው ነው።

ትርጉም

የስለላ ታሪክ ለብዙ የአማርኛ አንባቢ የደረሰው በትርጉም ነው። ማሞ ውድነህ የስለላና የጦርነት መጻሕፍትን ወደ አማርኛ እየመለሱ ትውልድ አስነብበዋል። ዛሬም አዟሪዎች ክንድ ላይ ትርጉም አይጠፋም። የሴራው አወቃቀር ብዙውን ጊዜ ጠንካራ ነው፤ ዋናው መጽሐፍ በአርታኢ እጅ ያለፈ ነውና።

ጥያቄው የተርጓሚው ጥንቃቄ ነው። መጀመሪያ የውስጥ ገጹን ግለጡ። የዋናው ደራሲ ስም፣ የዋናው መጽሐፍ ርዕስና ፈቃዱ ተጽፏል ወይ? በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራን መተርጎም የደራሲው መብት ነው። የደራሲው ስም የሌለበት «ትርጉም» ምን ያህሉ እንደተቆረጠም አይታወቅም። ሙሉ ትርጉም ነው ወይስ ውርስ ትርጉም የሚለውም መገለጽ አለበት። ውርስ ሲሆን ታሪኩ ወደ እኛ አገር መጥቶ ስሙም ቦታውም ሊቀየር ይችላል። ያ በራሱ ነውር የለበትም፤ ግን አውቆ መግዛት ይሻላል።

ከዚያ ሰዓቱን ፈትሹ። የፈረንጅ ከጠዋቱ 9 ሰዓት የእኛ 3 ሰዓት ነው። ተርጓሚው አንድ ቦታ ወደ እኛ ቀይሮ ሌላ ቦታ እንዳለ ከተወው ፍንዳታው ከቦምቡ ጠመዳ በፊት ይሆናል። አንባቢው «ምን አመለጠኝ?» እያለ ወደ ኋላ ይገልጣል፤ ያመለጠው ግን የለም። ቀንም እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. 2001 እና የእኛ 2001 የ7 ዓመት ከወራት ልዩነት አላቸው። ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት በፊትና በኋላ ያለው ዓለም በጣም ስለሚለያይ ይህ ስህተት ታሪኩን ያፈርሰዋል። ጥሩ ተርጓሚ የትኛውን አቆጣጠር እንደተከተለ መግቢያው ላይ ይናገራል። ካልተናገረ ሰዓት የተጠቀሰባቸው ሁለት ሦስት ገጾች ፈልጋችሁ አስተያዩ።

ያገለገለ እንግሊዝኛ

በዋጋ ከአዲስ አማርኛ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ምርጫውም ሰፊ ነው። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፣ ዓረፍተ ነገሩም አይወሳሰብም፤ 11ኛና 12ኛ ክፍል ያለ ተማሪ መዝገበ ቃላት ሳያበዛ ይሄድበታል። ለእንግሊዝኛ ማሻሻያ ከዚህ ዘውግ የተሻለ አላውቅም፤ ቀጥሎ የሚሆነውን ለማወቅ ያለው ጉጉት ራሱ ያስነብባል።

ሦስት ነገር አጣሩ። አንደኛ፣ የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች መኖራቸውን በገጽ ቁጥር ብቻ አረጋግጡ፤ ጽሑፉን አታንብቡ። የሴራ ልቦለድ መጨረሻው ተገንጥሎ ቤት ከደረሰ ገንዘቡ ባከነ። ሁለተኛ፣ «ወንድሜ፣ ተከታታይ ነው ወይስ ራሱን የቻለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ መርማሪ በብዙ መጻሕፍት የሚመላለስበት ልማድ ስላለ አራተኛውን ክፍል ቀድማችሁ ልትገዙ ትችላላችሁ። ሦስተኛ፣ የፊደሉ መጠን። የኪስ እትሞች ፊደላቸው ደቃቅ ነው። መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ ለሚያነብ ሰው ዓይን ይጎዳል።

ትረካ

ቆሞ ለሚሄድ ተሳፋሪ ይህ ይቀድማል። አንድ እጅ ብረቱን ይዞ በሌላው ወፍራም መጽሐፍ መግለጥ አይሆንም። ስልኩ ኪስ ውስጥ፣ ማዳመጫው ጆሮ ላይ ከሆነ ግን ይሆናል። የሬዲዮ ትረካ አገራችን ውስጥ የቆየ ባህል አለው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በድምፁ ያደረገውን የሰማ ሰው ጥሩ ተራኪ ገጸ ባሕርያቱን እንዴት እንደሚለያቸው ያውቃል። ሃያ ስም ያለበት ሴራ በጥሩ ድምፅ ይቀላል።

ነገር ግን የዚህ ዘውግ ግማሽ ደስታ ወደ ኋላ ገልጦ «ይህ ሰው ገጽ 50 ላይ ነበረ እኮ!» ማለት ነው። በትረካ ያ ቀላል አይደለም። ጥሩንባና የረዳቱ ጥሪ አንዲት ወሳኝ ዓረፍተ ነገር ከዋጠባችሁ ቋጠሮው ይጠፋችኋል። የሚተረከው ታሪክ የተቆረጠ መሆኑንም ጠይቁ። ዳታ ለመቆጠብ በሌሊት ጥቅል አውርዶ ማደር ጥሩ ነው።

ቴሌግራም ላይ ስለሚዞረው ፒዲኤፍ ብዙ አልልም። የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። በብድር ያሳተመ ሰው ሥራ በአንድ ሌሊት በነጻ ሲበተን ሁለተኛ መጽሐፉን አይጽፍም። ደራሲው ራሱ በመተግበሪያ የሚሸጠው ካለ ግን ግዙት፤ አውቶቡስ ላይ ስልክ ይዞ ማንበብ ከመስኮት አጠገብ አይመከርም እንጂ።

ሲጠቃለል

| መመዘኛ | ወጥ አማርኛ | ትርጉም | ያገለገለ እንግሊዝኛ | ትረካ |
|---|---|---|---|---|
| የምርመራው ጥንካሬ | ይለያያል፤ መሀሉን ፈትሹ | ብዙ ጊዜ ጠንካራ | ብዙ ጊዜ ጠንካራ | እንደ ዋናው መጽሐፍ |
| ቦታና ንግግር | ከሁሉ የቀረበ | በተርጓሚው ችሎታ | ሩቅ | ተራኪው ያቀርበዋል |
| የሰዓትና የቀን ችግር | ትንሽ | ትልቅ | የለም፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ማሰብ ነው | ትርጉም ከሆነ አለ |
| አቋርጦ መቀጠል | መካከለኛ | መካከለኛ | ቀላል | ወደ ኋላ መመለስ ይከብዳል |
| ቆሞ ለመሄድ | አይመችም | አይመችም | የኪስ እትም ይሻላል | ምርጥ |
| ወጪ | ከፍተኛ | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ | ዝቅተኛ | ዳታና ባትሪ |

ለማን የቱ?

ዘውጉን ጀምሮ የማያውቅ ሰው በወጥ አማርኛ ይጀምር። ቦታው ስለሚታወቅ የድርጅቶቹ ብዛት አያደናግረውም።

ሴራ መፍታት የሚወድ፣ ማታ ቤቱ ተቀምጦ የሚያነብ አንባቢ ጥሩ ትርጉም ይፈልግ። ወፍራም መሆኑ አያሳስበው፤ መንገድ ላይ አይዘውም።

ተማሪ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ያገለገለ እንግሊዝኛ ጥሩ ስጦታ ነው። ግን እናንተ አስቀድማችሁ ገለጥ ገለጥ አድርጉት። በዚህ ዘውግ የማሰቃየት ትዕይንት አይጠፋም፤ አንዳንዱም ለ13 ዓመት ልጅ አይሆንም።

በጠዋት 11 ሰዓት ተነስቶ ቆሞ የሚጓዝ ሠራተኛ ትረካ ይያዝ። የወደደውን ታሪክ በኋላ በመጽሐፍ ቢገዛው በትረካ ያመለጡትን ፍንጮች ያገኛቸዋል።

በጀቱ ጠበብ ያለበት ሰው፣ ቅዳሜ መሀል ከተማ ጉዳይ ካለው አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ወይም ወመዘክር ገብቶ ማንበብ ይችላል። ዳር ሰፈር ላለን ግን ሩቅ ነው። የሚሻለው ከሕንጻው ጎረቤቶች ጋር መነጋገር ነው። አራት ቤት አንድ አንድ መጽሐፍ ከገዛ አራት መጽሐፍ ይነበባል። አንድ ሕግ ብቻ ይኑር፤ መጨረሻውን ያነበበ ሰው የመጨረሻው አንባቢ እስኪጨርስ ደረጃ ላይ አያውራ።